8,760 ብር ለማን እንስጥ?

ለተከበራችሁ የጋዜጣው አዘጋጆች፣

የምጽፍላችሁ ከደብረ ማርቆስ ነው። አነስተኛ የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ ሱቅ አለኝ። ደብተር፣ እስክሪብቶ፣ ጠመኔና የመዝገብ ወረቀት እሸጣለሁ። የሰፈራችን እድር ባለፈው ዓመት ፓርኪንሰን በሚባለው፣ እጅ በሚያንቀጠቅጠውና እንቅስቃሴ በሚያስረው የነርቭ በሽታ ላይ ለሚደረግ ምርምር የሚውል ገንዘብ አዋጥቷል። 146 ቤተሰብ፣ በወር 5 ብር፣ ለአንድ ዓመት። 8,760 ብር ሆነ። ገንዘቡ ባንክ ተቀምጧል። የቸገረን የሚቀበለን ማግኘት ነው።

ጥያቄዬ ይኸው ነው። ግን ድንኳን፣ ብረት ድስትና ለቅሶ የሚያውቅ እድር እንዴት ለምርምር አዋጣ? ይህን ካልነገርኳችሁ ጥያቄው በቅጡ አይገባም።

ነገሩ የሚጀምረው ከመዝገብ ነው።

አባቴ ከ30 ዓመት በላይ አንደኛ ደረጃ ያስተማረ መምህር ነው። የእድራችንም ጸሐፊ ነበር። በየወሩ ወንበሩን ይዞ ይቀመጣል፣ የከፈለውን ይመዘግባል፣ ያልከፈለውን ስም ጠርቶ ያነባል። ከ20 ዓመት በላይ አንድ ሳንቲም ጎድሎበት አያውቅም። ጽሕፈቱን ያየ ሁሉ ያደንቅ ነበር። የሐመሩ ሐ ሦስቱም እግሮች ልክ በመስመሩ ላይ ይቆማሉ።

በ2007 ዓ.ም. ቀኝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስኒ ሲይዝ አይደለም፤ እጁን ጭኑ ላይ አሳርፎ ዝም ብሎ ሲቀመጥ ነው። አውራ ጣቱና ጠቋሚ ጣቱ ክር እንደሚፈትል ሰው ይተሻሻላሉ። ጤና ተቋም ወሰድነው። «እድሜ ነው» ተባልን። ገና በስልሳዎቹ መጀመሪያ ነበር። ሌላ ቦታ ሄድን። «ነርቭ ነው» ተብሎ መርፌ ታዘዘለት፤ ተወጋ፣ ለውጥ የለም። እናቴ ጸበል አስጠመቀችው። ጸበሉን ዛሬም አልተውንም፤ መጽናኛችን ነው። መድኃኒት ግን ሳይጀምር ሁለት ዓመት አለፈ።

እነዚያ ሁለት ዓመታት ያስቆጩኛል። ፊቱ ፈገግታ አጣ። ሰላም ያለው ሰው «መምህር ተቀይሞኛል» እያለ ወደ እናቴ ይመጣ ነበር። አልተቀየመም። የፊቱ ጡንቻ ነው እንቢ ያለው። ሲራመድ አንድ እጁ አይወዛወዝም። ሌሊት በእንቅልፍ ልቡ ይጮኻል፣ ይራገጣል። ቡና ሲቆላ «አይሸተኝም» ካለ ደግሞ ቆይቷል። እኛ ጉንፋን ነው ብለን አልፈነው ነበር። እነዚህ ሁሉ የአንድ በሽታ ምልክቶች መሆናቸውን የነገረን አልነበረም።

በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሄድን። የነርቭ ሐኪሟ ምርመራ ሩብ ሰዓት አልፈጀም። ጣቶቹን እንዲያነካካ አደረገችው። ኮሪደሩ ላይ አራመደችው። ከዚያ ወረቀት ሰጠችውና «ስምዎንና የትውልድ ቦታዎን ይጻፉልኝ» አለችው። ጻፈ። አየችው። ወደ እኔ ዞራ፣ «ድሮም እንዲህ አሳንሰው ነው የሚጽፉት?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን እንደምመልስ አላወቅኩም። ወረቀት የምሸጥ ሰው ነኝ። የአባቴን ጽሕፈት መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ አይቼው የማውቀው?

ደብረ ማርቆስ ስመለስ የእድሩን መዝገቦች አወጣሁ። ሁሉንም ጠረጴዛ ላይ በተራ ደረደርኳቸው። የ1996 መዝገብ ላይ አንድ ስም መስመሩን ይሞላል። የ2002ም ያው ነው። 2004 ላይ ስሙ ሲጀምር ደህና ነው፣ ወደ አያት ስም ሲደርስ ግን ፊደሉ አንሷል። 2006 ላይ ሙሉ ስም የመስመሩን ሲሶ አይሞላም። ፊደሉ ጤፍ አክሏል። አንድ ጊዜ ገንዘብ ያዣችን «መምህር ወረቀት መቆጠብ ጀመረ» ማለታቸው ትዝ አለኝ። እጁ ሳይንቀጠቀጥ ሦስት ዓመት ቀድሞ በሽታው መዝገብ ላይ ተጽፎ ነበር። 146 ቤተሰብ በየወሩ ያየው ነበር። ያነበበው ግን አልነበረም።

የአባቴ በሽታ ፓርኪንሰን ነው። ስለ እሱ ያነበብኩትን ባጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1817 ጄምስ ፓርኪንሰን የሚባል የለንደን ሐኪም ስለ ስድስት ሰዎች ጻፈ። አንዳንዶቹን ያገኛቸው መንገድ ላይ ሲሄዱ አይቷቸው ነው። በሽታው በስሙ ተጠራ። አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመነጩ ህዋሳት አሉ። እነሱ ቀስ በቀስ ይሞታሉ። እጅ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ከእነዚህ ህዋሳት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ሰው ከበሽታው ጋር እንደሚኖር ገምቷል። ቁጥሩ በ25 ዓመት ውስጥ እጥፍ ሆኗል። እስከ ዛሬ በሽታውን የሚያቆም መድኃኒት አልተገኘም። ያለው ምልክቱን የሚያስታግስ ነው። ዋናው ሌቮዶፓ ይባላል። አባቴ የሚውጠው እሱን ነው።

የሌቮዶፓን ታሪክ ሳነብ ነው ልቤ የተነካው። ከምን የተገኘ ይመስላችኋል? ከባቄላ። እኛ ጎጃም ውስጥ ከምንዘራው፣ እሸቱን ከምንበላው፣ ክኩን ከምንሸጠው ባቄላ። እ.ኤ.አ. በ1913 ማርከስ ጉገንሃይም የሚባል ተመራማሪ ስዊዘርላንድ ውስጥ ከባቄላ ተክል አወጣው። ራሱ ቀመሰው፤ ክፉኛ አስታወከው። ከዚያ በኋላ ለፓርኪንሰን ይሆናል ብሎ ያሰበ ሳይኖር ለአሥርተ ዓመታት ቆየ። በ1960 ቪየና ውስጥ ኦሌህ ሆርኒኪየቪች እና ባልደረባው በፓርኪንሰን የሞቱ ሰዎችን አንጎል መርምረው ዶፓሚን መጉደሉን አዩ። በ1961 አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ በመርፌ ተሰጠ። መነሣት ያቃታቸው ተነሥተው ሄዱ። በ1967 ደግሞ ጆርጅ ኮትዚያስ ኒውዮርክ ላይ በአፍ የሚወሰደውን መጠን ቀስ በቀስ እየጨመሩ መስጠት እንደሚሠራ አሳየ። ከባቄላው በአፍ እስከሚወሰደው መድኃኒት ድረስ ከ50 ዓመት በላይ ሆነ ማለት ነው።

ይህን ለአባቴ ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማኝ። የገበሬ ልጅ ነው፣ ባቄላ ሲያርም ነው ያደገው። ቆይቶ፣ «እኛ ማሳ ውስጥ ነበር ማለት ነው?» አለኝ። አዎ አልኩት። ሌላ ነገር አልተናገረም።

ባቄላ ብሉና ትድናላችሁ እያልኩ አይደለም። በባቄላ ውስጥ ያለው መጠን ይለያያል፣ ማንም ለክቶ ሊሰጣችሁ አይችልም። መድኃኒቱን ያለ ሐኪም መቀነስም ሆነ ማቋረጥ አደገኛ ነው። እኔ ልል የፈለግኩት ሌላ ነው። ገበያችን ላይ ከባቄላው ጎን ጓያ ይሸጣል። በችግር ዘመን ጓያ ለወራት የበላ ሰው እግሩ እንደሚታሰር አያቶቻችን ያውቁ ነበር። የሚያስረው የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ የታወቀው ግን ተመራማሪዎች ቤተ ሙከራ ውስጥ ለይተው ካወጡት በኋላ ነው። አንዱ ጥራጥሬ እግር ያስራል፣ ከሌላው የታሰረ እግር የሚፈታ መድኃኒት ይወጣል። ሁለቱም በአንድ ጣሳ ይሰፈራሉ። የትኛው እንደሚያስር፣ የትኛው እንደሚፈታ በዓይን አይታይም።

አሁን ደግሞ ስለ ጠመኔው። አባቴ ጠዋት መድኃኒቱ «እስኪይዝ» ድረስ በር ላይ ይቆማል። እግሩ መሬቱ ላይ የተሰፋ ይመስላል። መሄድ ይፈልጋል፣ ጉልበቱም አለ፣ እግሩ ግን አይነሣም። ብንጎትተው ይወድቃል። አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ መላ ነገረን። ከሱቄ ጠመኔ አመጣሁ። ከአልጋው እስከ በሩ፣ ሲሚንቶው ላይ፣ አንድ እርምጃ እየለካሁ አግድም መስመር አሰመርኩ። «አባየ፣ መስመሩን ተሻገር» አልኩት። ተሻገረ። ሁለተኛውን ተሻገረ። በሩ ጋ ደረሰ። እናቴ አለቀሰች። ዓይን መስመር ሲያይ አንጎል በሌላ መንገድ ለእግር ትእዛዝ ይልካል ይላሉ ባለሙያዎቹ። ይህንንም ያወቀው ሰው ሲያጠና ነው። ዋጋው አንድ ጠመኔ ነው። እኛ ሳናውቀው ስንት ጊዜ ወድቆብናል!

የመድኃኒቱ ነገር ሌላ ጣጣ ነው። አንዳንዴ አለ፣ አንዳንዴ የለም። መንገድ በተዘጋባቸው ሳምንታት ክኒኑን ለሁለት እየከፈልን ሰጥተነዋል። ሽሮም ቢሆን ይጣላዋል፤ የጥራጥሬ ፕሮቲን የሌቮዶፓን መንገድ ይሻማል። ስለዚህ ከምግብ በፊት ይውጣል። ጾም ሲሆን የንስሐ አባቱ ፈቅደውለት ነው በማለዳ የሚወስደው።

እንግዲህ ወደ እድሩ ልመለስ። ባለፈው ዓመት መጀመሪያ ሐሳቡን ለጉባኤው አቀረብኩ። ያመጣሁት ሁለት መዝገብ ነው፣ የ1996ንና የ2006ን። ጎን ለጎን ዘርግቼ አሳየኋቸው። ዝም ተባለ። ከዚያ ክርክሩ ተነሣ።

አንድ ሰው፣ «ምርምር የሀብታም አገር ሥራ ነው፣ እነሱ ያግኙት እኛ እንገዛለን» አለ። ቀላል ሐሳብ አይደለም፣ እኔም ድሮ እንዲህ ነበር የማስበው። የመለስኩለት በሌጎስ ታሪክ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ከሌጎስ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ንጂዴካ ኦኩባዴጆና ከእንግሊዝና ከአሜሪካ የመጡ ባልደረቦቻቸው አንድ ጥናት አወጡ። የተጠኑት ፓርኪንሰን ያለባቸው ሰዎች በአብዛኛው ናይጄሪያውያን ነበሩ። የአፍሪካ የዘር ሐረግ ባላቸው ሰዎች ላይ ለፓርኪንሰን የሚያጋልጥ የዘረመል ልዩነት አገኙ። ከአንድ ወላጅ የወረሰው ሰው ተጋላጭነቱ ወደ 1.5 እጥፍ፣ ከሁለቱም የወረሰው ወደ 3.5 እጥፍ ይደርሳል። አውሮፓውያን ላይ ይህ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ አውሮፓውያንን ብቻ ሲያጠኑ የኖሩ ሁሉ ሊያገኙት አይችሉም ነበር። እኛን ያልፈለገ ምርምር የኛን በሽታ አያገኝም። የኢትዮጵያ ሰው ደም ውስጥስ ምን አለ? የሚፈልግ ካልተገኘ ማን ሊነግረን ነው?

ለዚያ ጥናት ከወጣው ገንዘብ ከፊሉ ከበጎ አድራጎት የመጣ ነው። ከሰጪዎቹ አንዱ የማይክል ጄ. ፎክስ ፋውንዴሽን ነው። ፎክስ የፊልም ተዋናይ ነው። ገና ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1991፣ ፓርኪንሰን እንዳለበት ተነገረው። ሰባት ዓመት ደብቆት ኖረ። በ1998 ለሕዝብ ተናገረ፣ በ2000 ፋውንዴሽኑን አቋቋመ። ከዚያ ወዲህ ከ2 ቢሊዮን ዶላር በላይ ለምርምር ውሏል። በ2010 የጀመሩት ትልቅ ጥናት በ2023 ፍሬ አፈራ። ከጀርባ አጥንት በሚቀዳ ፈሳሽ የበሽታውን ምልክት መለየት ተቻለ፤ አንዳንዶቹ ላይ ገና መንቀጥቀጥ ሳይጀምር። ይህን ሳነብ የ2004 ዓ.ም. የእድራችን መዝገብ ነው ፊቴ ላይ የመጣው።

«እነሱ ቢሊዮን አላቸው፣ የኛ 5 ብር ምን ትሠራለች?» ያለም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 አሜሪካ ውስጥ ሰዎች የበረዶ ውኃ ራሳቸው ላይ እያፈሰሱ ኤ.ኤል.ኤስ. ለሚባል ሌላ የነርቭ በሽታ ገንዘብ ሲሰበስቡ ስልኩ ላይ ያየ ብዙ ነው። ለአንድ ማኅበር ብቻ 115 ሚሊዮን ዶላር ገባ። ከብዙ ተራ ሰው ኪስ ነው የመጣው። ከሁለት ዓመት በኋላ ከበሽታው ጋር የተያያዘ አንድ ዘረመል ተገኘ፣ ያ ገንዘብም ድርሻ ነበረው። ደግሞስ ማዋጣት ለኛ አዲስ ነው እንዴ? ግድቡ ሲጀመር በ2003 ዓ.ም. አባቴ የአንድ ወር ደመወዙን ሰጥቷል። የቦንዱ ወረቀት ዛሬም ሣጥኑ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ጥያቄ ግን የአንዲት አሮጊት ነበር። «ልጄ፣ እኛ የምናዋጣው ለሞተ ነው። ይኼ ለሕያው ነው። በየት በኩል ይጻፋል?» አሉ። እውነታቸውን ነው። መዝገባችን ላይ ለዚህ የሚሆን ዓምድ አልነበረም። ዳኛው፣ «እንግዲያው ዓምዱን እንክፈትለት» አሉ። እንዲያ ሆኖ ተወሰነ።

ገንዘቡ ማን እጅ ይገባል የሚለው ፍርሃትም ተነሥቷል። እኔም እፈራለሁ። በሽተኛ ፎቶ እየለጠፉ ገንዘብ የሚሰበስቡ ሰዎችን ሁላችንም አይተናል። ስለዚህ የምንጠይቀው የእድር ሕግ ነው፤ የወጣው ይመዝገብ፣ ለአዋጪው ይነበብ። ጥናቱ ምንም ባያገኝ እንኳ «ይህን ፈለግን፣ አላገኘንም» ብሎ ይንገረን። አንቀየምም።

8,760 ብር ቤተ ሙከራ እንደማያቆም አውቃለሁ። የሚያስጀምረው ነገር ግን ያለ ይመስለኛል። ጎጃም ውስጥ ስንት ሰው ፓርኪንሰን አለበት? ስንቱ «እርጅና ነው» ተብሎ ጓዳ ተኝቷል? ስንቱስ «መጋኛ መታው» ተብሏል? ከ30 ዓመታት በላይ አስቀድሞ በፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የተመሩ ሐኪሞች ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ዞረው ከ60 ሺህ በላይ ሰው ስለ ነርቭ በሽታዎች አጥንተዋል። ስለዚህ ማድረግ ይቻላል። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲዎች ሕክምና የሚማሩ ልጆች አሉን። አንድ ወጣት ተመራማሪ በሁለትና በሦስት ቀበሌ ቢጀምር ትራንስፖርቱን እድራችን ይችላል። የመጠይቁን ወረቀትና እስክሪብቶ ሙሉ በሙሉ እኔ እችላለሁ። ሌሎች እድሮችም ለመግባት ጠይቀውናል። በውጭ አገር ያሉ የጎጃም ልጆች ማኅበራትም ለትምህርት ቤትና ለቤተ ክርስቲያን እንደሚሰጡት ሁሉ ለዚህም ቢያስቡበት እላለሁ። አዲስ አበባ ላይ የፓርኪንሰን ሕሙማንን የሚደግፍ ድርጅት አለ፤ ያቋቋሙትም ራሳቸው ታማሚ የሆኑ ሴት ናቸው። ከእነሱ የምንማረው ብዙ ይኖራል።

ከዚህ ሁሉ ለአባቴ የሚደርስለት ነገር እንደሌለ እሱም ያውቃል። ሐሳቡን ስነግረው መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሒሳቡን ማን ይይዛል?» ብሎ ነው።

አዲሱ ዓምድ የተከፈተ ቀን ርዕሱን እሱ እንዲጽፍ ዳኛው ጠየቁት። መስመሩ ሰፋ ያለ ወረቀት መረጥኩለት፤ መስመር ሲኖር እጁ ለማሳነስ ያለውን ግፊት እየታገለ ያሰፋዋል። መድኃኒቱ እስኪይዝ ጠበቅን። እጁን በእጁ ደግፎ ጻፈ። «ለምርምር» የሚል አንድ ቃል ነው። ሩብ ሰዓት ፈጀበት። ጉባኤው በሙሉ ዝም ብሎ ጠበቀው። የመጨረሻዋ «ር» ትንሽ ወደ ታች ወርዳለች። ፊደሎቹ ግን በመስመሩ ልክ ናቸው።

ሚያዝያ 3 የዓለም የፓርኪንሰን ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ መልስ ብናገኝ ደስ ይለናል። ይህን ያነበበ ተመራማሪ፣ ሐኪም ወይም የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ካለ በጋዜጣችሁ በኩል ይጻፍልን። የእድራችንን አድራሻና የባንክ ደብተሩን ቅጂ ለዝግጅት ክፍላችሁ አያይዤ ልኬያለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈት መሣሪያ ነጋዴና የእድሩ ምክትል ጸሐፊ
ደብረ ማርቆስ